ሁለት ቀን ቀድሞ የሚያልቀው ገጽ

ደብተሩ እማማ ሥር ነበር። የሶፋው ትራስ ሥር ከተውት፣ ከላዩ ተደላድለው ተቀምጠውበት፣ ኪሮሻቸውን ይዘው ምንም እንደማያውቅ ሰው ዳንቴላቸውን ይሠራሉ።

የልጅ ልጃቸው ቤቱን እያመሰችው ነው። የመጽሐፍ መደርደሪያውን አየች፣ የልብስ ቅርጫቱን ገለበጠች፣ ፍሪጁን ሳይቀር ከፈተች።

"እማማ፣ ሰማያዊ ደብተሬን አላየሽም?"

"ደብተር ፍሪጅ ውስጥ ምን ይሠራል? መጀመሪያ ሾርባሽን ጠጪ። ፊትሽ አመድ መስሏል።"

"ሾርባ አይደለም የጠየቅኩሽ።"

"እኔም ያቀረብኩልሽ ደብተር አይደለም።"

ልጅቱ ሰዓቷን አየች። ሰባት ከሩብ ሆኗል። የጋዜጣ ገጿ ዛሬ ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ይህን ሰዓት ከእማማ በላይ የሚያውቀው የለም። በዚያው ጋዜጣ ሃያ ሁለት ዓመት የሴቶች ገጽ አዘጋጅ ነበሩ፤ አሁን ወንበሩ የልጅ ልጃቸው ነው። የቅዳሜው ጋዜጣ ዓርብ ሲዘጋጅ፣ የሴቶች ገጽ ግን ረቡዕ ላይ አልቆ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ዜና የለበትማ። ስለ ሕፃን ጥርስ፣ ስለ መጋረጃና ስለ ፊት ቅባት የተጻፈውን የትኛው አለቃ ቁጭ ብሎ ያነባል? አዘጋጇ ከፈረመችበት በቃ። በወጣትነታቸው እማማ "የዚህ ቤት ትልቁ ቀዳዳ" እያሉ ይስቁበት ነበር።

ዛሬ ግን ሳቅ የለም። ጠዋት ልጅቱ መታጠቢያ ቤት ገብታ በስልክ ስታወራ ሰምተዋታል። "ለጓደኞችሽም ንገሪያቸው፣ ቅዳሜ ይወጣል" ትላለች። የምታናግራት የሆስፒታል ልብስ ታጥብ የነበረች ሴት ናት። አዲስ በመጣ ዱቄት ሳሙና የአሥራ አንድ አጣቢዎች እጅ እስከ ክርናቸው ተልጧል፤ አለቆቹ ደግሞ "ጓንት በሥርዓቱ አላደረጋችሁም" ብለው አሰናብተዋቸዋል። ልጅቱ ሁለት ወር ተመላልሳ ቃላቸውን በዚያ ደብተር ይዛለች። እያንዳንዷ ስሟን በገዛ እጇ ጽፋበታለች፣ አንዳንዷ ብዕር መያዝ እያቃታት። ትናንት ምክትል ዋና አዘጋጁ ጠራትና፣ "ይሄማ ዜና ነው፣ ሴቶች ገጽ ላይ አይባክንም" ብሎ ደብተሩን ለአንጋፋው ሪፖርተር እንድታስረክብ አዘዛት። በፊት ገጽ፣ በሰውየው ስም ሊወጣ ነው። እሷ ደግሞ ሳትነግራቸው በራሷ ገጽ ልታወጣው ቆርጣለች። ጽሑፉ አልቋል፤ የቀራት የሴቶቹን ስምና ቃል ከደብተሩ ጋር ማመሳከር ብቻ ነው።

ልጅቱ መሃል ወለሉ ላይ ቆመች። "አንቺ ነሽ የደበቅሽው።"

"እኔ ምን ልሁን ብዬ?"

"ከገባሁ ጀምሮ ከተቀመጥሽበት አልተነሳሽም። ሌላ ጊዜ አንድ ሰሃን ሾርባ እስኪቀርብ አሥር ጊዜ ነው የምትነሺው።"

"ጉልበቴን አሞኝ ነው።"

"የትኛውን?"

"ሁለቱንም።"

ልጅቱ ልትስቅ ነበር፣ ተወችው።

"ስጪው ለሰውየው" አሉ እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ይውሰደው፣ አንቺ ሥራሽን ይዘሽ ቁጭ በይ። እናትሽን ቀብሬያለሁ፤ አንቺ ደግሞ ሥራ ፈትተሽ፣ አንገትሽን ደፍተሽ እዚህ ቤት ስትንቆራጠጪ የማይበት አቅም የለኝም። ጽሑፉ እንደሆነ ይወጣል። ዋናው መውጣቱ ነው።"

"አንቺ ነሽ እንዲህ የምትዪኝ? የማቅለሚያ ፋብሪካውን ሴቶች ታሪክ ጽፈሽ፣ ፈርመሽ ልከሽ የለም እንዴ? ማተሚያ ቤት ድረስ ሄደው ነቅለው ጣሉብሽ እንጂ አንቺማ ልከሽዋል። ስንት ጊዜ ነው የነገርሽኝ?"

እማማ ዳንቴሉ ላይ አፈጠጡ። አንዱን ዙር ቆጠሩት፣ ጠፋባቸው፣ እንደገና ቆጠሩት።

"ማንም አልነቀለብኝም" አሉ።

"ምን አልሽ?"

"እኔ ነኝ ያስነቀልኩት። ልኬዋለሁ፣ እሱ እውነት ነው። ቤት ስገባ እናትሽ ትኩሳት ይዟት ታለቅሳለች። ቢያባርሩኝ ይቺን በምን አሳድጋታለሁ አልኩ። አዝያት ማተሚያ ቤት ተመለስኩና ፊደል ለቃሚውን 'አውጣልኝ' አልኩት። ገጹ ክፍት ሆነ። እዚያው ቆሜ፣ የጠረጴዛ ልብስ እድፍ በምን እንደሚለቅ ጻፍኩለት። ከሥሩ 'እህታችሁ' ብዬ። ያን ጊዜ ስም የለንም፤ ገጹን የያዘች ሁሉ 'እህታችሁ' ናት።"

"ታዲያ በኋላ በጋዜጣው የወጣው የፋብሪካው ታሪክስ?"

"ደብተሬን ለአንድ ሪፖርተር ሰጠሁታ። በስድስት ወሩ በስሙ አወጣው፣ ተሸለመበት። ለኔ እቅፍ አበባ ላከልኝ። ደረጃው ላይ ፎቶው የተሰቀለው ሰውዬ ነዋ፣ በየቀኑ በሥሩ ታልፊ የለ?"

ልጅቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ሴቶቹስ?"

"የእድፉ ገጽ የወጣ ቅዳሜ አንዷ ቢሮ ድረስ መጣች። ሳቂታ ነበር የምንላት። አራት ጋዜጣ ገዝታለች፣ አንዱን ለራሷ፣ ሦስቱን ለጓደኞቿ። ማንበብ አትችልም። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችውና 'እኛ የቱ ጋ ነን?' አለችኝ።" እማማ ኪሮሹን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። "ጣቴ ሄዶ የእድፉ ጽሑፍ ላይ አረፈ። 'ይኸው' አልኳት። አመስግናኝ፣ አጣጥፋ ይዛው ሄደች። ሰውየው ታሪኳን ሲያወጣው ሳንባዋ ገድሏት ነበር።"

ልጅቱ የከፈተችው ፍሪጅ እስካሁን እንደተከፈተ ነው፤ ያጓራል። ተነስታ ዘጋችው።

"እኔ እኮ አንቺን ይዤ ነው ስፎክር የከረምኩት" አለች። "እማማ አድርጋዋለች፣ እኔም አደርገዋለሁ እያልኩ። አንቺ ካልቻልሽው እኔ ማነኝ?" ስልኳን ከኪሷ አወጣች። "ለምክትሉ ልደውልለት። አንጋፋው መጥቶ ይውሰደው። ዋናው መውጣቱ ነው።"

አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ እማማ ይህችን ቃል ለራሳቸው ሲሏት ኖረዋል። ሲተኙም፣ የዚያን ሰውዬ ስም በሬዲዮ ሲሰሙም። ከሰው አፍ ስትወጣ ግን ሰምተዋት አያውቁም። ከዚህች የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ አፍ ስትወጣ ሰሟት፤ ልጅቱም ቃሏን ስትጨርስ ትከሻዋ ወረደ፣ ልክ እንደሳቸው ትከሻ።

"ስልኩን አስቀምጪው።"

ተነሱ። ጉልበታቸው የምር ቋ አለ። ትራሱን ገልጠው ደብተሩን ሲያወጡት ሞቋል። ልጅቱ እጇን ዘረጋች፤ አልሰጧትም። ይዘውት ወደ ማድ ቤት ገቡ። ትልቁን የገበያ ቦርሳቸውን አንስተው ሽንኩርቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት፣ ልጣጩን በመስኮት አራገፉት፣ ደብተሩን ውስጡ ከተው ይዘውላት መጡ።

"ጽሑፉ ሥር ስምሽን ከነአባትሽ ጻፊ" አሉ።

"እሺ።" ቦርሳውን ተቀብላ ወደ ውስጥ አየች። ደብተሩ ከሥሩ ለብቻው ተጋድሟል። "ይሄን ሁሉ ቦርሳ ምን አደርገዋለሁ፣ እማማ? የራሴ አለኝ እኮ።"

"ያንቺ ትንሽ ናት። ጠረጴዛሽ ላይ ኩባያሽ አለ፣ ሹራብሽ አለ፣ የእናትሽ ፎቶ አለ። ገጹን እንደላክሽ ሁሉንም ሰብስበሽ ይዘሽልኝ ነይ። ቅዳሜ ሲያባርሩሽ ጥበቃው እያየሽ በካርቶን አታወጪውም።"