የተረፈው ሰጋቱራ

ልጅ ሳለሁ አባቴና አጎቴ ከግድግዳው ወዲያ ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ። «የሚተርፍ ነገር የለም፤ ወሳጁ ያልታየ ነው እንጂ» አለ አንዱ። ወይም «ወሳጁ ያልመጣ»። ማን እንደተናገረው፣ ስለ እንጨት ይሁን ስለ ውርስ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

አሁን ጣውላ መሰንጠቂያ ቤት መጋዝ እሞርዳለሁ፤ ሙያውን ያስተማረኝ ዓይኔ ነው። ከመጋዙ ሥር የሚወጣውን ሰጋቱራ ታላቅ እህቴ በነጻ እየወሰደች የዶሮ ቤቷ ወለል ላይ ታነጥፈዋለች። እሱ ከሌለ ወለሉ ይረጥባል፣ ዶሮዎቹ ይታመማሉ፤ ከነሱ ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

በቅርቡ አንዲት ኢንጂነር መጣች። ተቃጥሎ መብራት የሚያመነጭ ተረፈ ምርት በአካባቢው ምን ያህል እንዳለ ታጠናለች። ባለመጋዙን «ጋሼ፣ ሰጋቱራው ይተርፋል?» አለችው። እንግዳን ባዶ እጅ መመለስ የማይሆንለት ሰው ነውና፣ «ሁሉም ትርፍ ነው ልጄ! ከፈለግሽ እኔንም ጨምረሽ ጫኚኝ» አላት። መዘነች፣ መዘገበች። እህቴንም ጠየቀቻት። «እትዬ፣ ከዶሮ ቤት የሚጠረገውስ?»

«ሞልቶ! ውሰጂልኝ፣ ገላገልሽኝ።»

እሱንም መዘገበች።

ከእህቴ ጋር ከጸሎት ስንመለስ ነገሩ አእምሮዬ ውስጥ ይዞር ጀመር። «እታለም፣ የሚጠረገውን ከወሰዱ በኋላ ምን ታነጥፊያለሽ?»

«ከመጋዝ ቤት አመጣለኋ!»

«እሱንም እኮ ሊወስዱት ነው።»

«እና ከእኔ ቤት የሚጠርጉት ምንድን ነው?»

«እሱኑ።»

ቆመች። «ቆይ፣ አንዱን ሰጋቱራ እኔም ባለመጋዙም ሰጠናት?» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ደረቀ።

ለኢንጂነሯ ነገርኳት። ግንባሯን ያዘች። «ጋሼ ሁሉም ይተርፋል አሉኝ። እትዬም ከዚያ እንደሚወስዱ አልነገሩኝም። ማንን ልመን? ጥናቱ እንዲህ ከጸደቀ ክምሩ በሙሉ ይጫናል። እትዬ ራሳቸው ጋሼ ባሉበት ይንገሩኝ እንጂ በስሚ ስሚ አልቀይርም።»

እኔም ግራ ገባኝ፤ የዋሸ ሰው የለማ።

«ንገሪያት» ብላት እህቴ አሻፈረኝ አለች። «በነጻ የሚሰጠኝ ሰውዬ ፊት ‹ይገባኛል› ልበል? ዓይኔን በጨው አጥቤ?»

«ይገባኛል አትበይ። እወስዳለሁ በይ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

እኔም በልቤ ፈጣሪዬን ጠየቅሁ። ዶሮዎቹ እግራችን ሥር ይጭራሉ። እህቴ አንዷን አንስታ የዶሮዋን ደረቅ እግር ዳሰሰች።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «ነገ ሰውዬው ባለበት ‹እወስዳለሁ› ብዬ እነግራታለሁ። አንተም አጠገቤ ትቆማለህ። ደግሞ ትንፍሽ እንዳትል!»