በኢዮስያስ ድምፅ

1.

«አለቃሽን አቅርቢልኝ።»

«አለቃዋ እኔ ነኝ፣ ጋሽ ሽብሩ።»

«እሱን አይደለም የምልሽ። ወንዶቹ የሉም እንዴ?»

«አሉ።»

«እንግዲያው አንዱን ስጪኝ፣ የኔ ልጅ። መኪኖቼ ጠፍተዋል።»


2.

ታሪክ ከዚህ አይጀመርም፣ አውቃለሁ። መጀመሪያ ሰውን ማስተዋወቅ ይገባል። እሺ።

ምንትዋብ እባላለሁ። ሥራዬ የአጠቃቀም መመሪያ መጻፍ ነው፤ «ይህን ይጫኑ፣ እስኪከፈት ይጠብቁ» የሚለውንና ማንም የማያነበውን ማለቴ ነው። ቢሮአችን ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመላልሱ የጭነት መኪኖች የት እንደደረሱ በካርታ የሚያሳይ ሶፍትዌር እንሠራለን።

በስልኩ ይህኛው ጫፍ ያለችው ሐመልማል ናት፣ የቴክኖሎጂ ክፍሉ ተጠባባቂ ኃላፊ። ሶፍትዌሩን ከባዶ ተነስታ የጻፈችው እሷ ናት። በዚያኛው ጫፍ ያሉት አቶ ሽብሩ ናቸው፤ የትልቅ ጭነት ድርጅት ባለቤት፣ የእኛ ዋና ደንበኛ፣ በዚያ ላይ የድርጅታችን ባለአክሲዮንና የቦርድ አባል። ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ታሪክ በግማሽ ገጽ ጨርሼው ወደ ሥራዬ እመለስ ነበር።


3.

የዚያን ቀን የሆነው ይህ ነው። የአቶ ሽብሩ መኪኖች በሙሉ ከካርታው ላይ ጠፉ። መኪኖቹ መንገድ ላይ አሉ፤ ስክሪኑ ላይ ግን የሉም። ሐመልማል ስልኩ ከመጥራቱ በፊት ችግሩን አግኝታዋለች። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አቶ ሽብሩ ቢሮ ያለውን ሰርቨር አንድ ሰው እሷ በምትለው ቅደም ተከተል ማጥፋትና ማብራት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። እሳቸው ደግሞ ከእሷ አፍ በወጣ ነገር ሰርቨሩን አላስነካም አሉ።

ስልኩን በመዳፏ ሸፍና አጠገቧ ወደተቀመጠው ወደ ኢዮስያስ ዞረች። ኢዮስያስ በእሷ ሥር የሚሠራ ፕሮግራመር ነው። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ሬዲዮ ላይ ዜና ቢያነብ ያምርበት ነበር።

«የምልህን በልላቸው» አለችው።

እሷ በጆሮው ታንሾካሽካለች፣ እሱ ጮክ ብሎ ይደግማል። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ መኪኖቹ ካርታው ላይ ተመለሱ።

«ጎበዝ» አሉ አቶ ሽብሩ። «ስምህን ማን ልበል?»


4.

የአሠራር መመሪያ
(ማንም አላዘዘኝም፤ ነገሩ ልማድ ሲሆን ሳይ በራሴ ጻፍኩት)

ሀ. አቶ ሽብሩ ሲደውሉ ኢዮስያስ ያንሳ።

ለ. «አቤት ጋሼ» ይበል። ስፒከሩን ይክፈት፤ ሐመልማል ትስማ።

ሐ. ሐመልማል መልሱን በጆሮው ትንገረው። ነገሩ ረዘም ካለ ስክሪኑ ላይ ትጻፍለት።

መ. ኢዮስያስ የተነገረውን ይናገር። «እኔ እንደማስበው» ብሎ ቢጀምር ይመረጣል።

ሠ. ምስጋናውን ይቀበል።

ረ. ምስጋናውን

ረ ላይ ቆምኩ። ምስጋናው ከተቀበለ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም። ደግሞስ ጥሩ መመሪያ «ለምን» ብሎ አይጠይቅም፤ ለእኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሱ ሌላ ጥያቄ አልመጣልኝ አለ።


5.

ስለዚህ ሄጄ ጠየቅኋት። የተባባልነው እንዲህ ነበር።

እኔ፦ ለምን ዝም አልሽ?

ሐመልማል፦ መች ዝም አልኩ? ሳወራ ነው የዋልኩት።

እኔ፦ በሰው አፍ።

ሐመልማል፦ ምንቴ፣ ሾፌሮቹ እኮ በረሃ ላይ ናቸው። እኔ ሰውዬውን ቁጭ አድርጌ ሳስተምር እነሱ ጋላፊ ላይ ይቀቀሉ?

እኔ፦ የመጀመሪያው ቀን ይሁን። ከዚያ ወዲያስ?

ሐመልማል፦ ከዚያ ወዲያ ፈጠነ። እኔ ሳስረዳ ግማሽ ሰዓት ነው፤ «እርግጠኛ ነሽ? ሌላ ሰው አይቶታል?» የሚል ጥያቄ አለ። ኢዮስያስ ሲለው ወዲያው ያልቃል። ሲስተም ስሠራም አጭሩን መንገድ ነው የምመርጠው።

እኔ፦ ያናድድሻል?

ሐመልማል፦


በጣም።


6.

ኢዮስያስ ለእህቱ ሠርግ ደብረ ብርሃን ሄደ። ስልኩን ዘጋ። እንደ ልማዱ ችግሩ የሚመጣው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው፤ የአቶ ሽብሩ ማዳበሪያ የጫኑ መኪኖች የይለፍ ፈቃዳቸው በእኛ ሶፍትዌር በኩል አልተላለፈም ተብለው ድንበር ላይ ቆሙ።

ሐመልማል ደወለችላቸው። እሳቸው ቢሮ ያለው ሰርቨር ላይ ምን መቀየር እንዳለበት ነገረቻቸው። አልበቃ ብሏት በጽሑፍም ላከች።

«ደርሶኛል፣ የኔ ልጅ» አሉ። «ኢዮስያስ አይቶታል?»

«ሠርግ ላይ ነው።»

«ግድ የለም፣ ሲመጣ እንነጋገራለን።»

መኪኖቹ ሰኞን ጠበቁ። ሰኞ ኢዮስያስ መጣ፤ ሲጨፍርና ሲዘፍን ሰንብቶ ድምፁ ጭራሽ ተዘግቷል። ያ የሬዲዮ ድምፅ የለም። ስልኩን ይዞ ከሐመልማል የሰማውን በሹክሹክታ፣ እየሳለ፣ ቃል እየዘለለ ነገራቸው።

ያንንም ሰሙት። መኪኖቹ ተንቀሳቀሱ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩ የድምፅ ውፍረት ይመስለኝ ነበር። ሞኝ አይደለሁም፤ ግን የሚለካ ነገር ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።


7.

አቶ ሽብሩ አንድ ቀን በአካል መጡ። ከመተሐራ ሐብሐብ ጭነው ነበር፤ አንዱን ለኢዮስያስ፣ ሌላውን ለሐመልማል፣ ትንሿን ለእኔ ሰጡ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር አምስቱን ፎቅ ራሳቸው ተሸክመው ነው የወጡት። ሲመለሱ እስከ ደረጃው ሸኘኋቸውና ያላስቻለኝን ጠየቅሁ።

«ጋሽ ሽብሩ፣ ሐመልማል ስትነግርዎት ለምን አይሰሟትም?»

«እሰማታለሁ እንጂ። ምን አጠፋሁ?»

«ኢዮስያስ ሲደግመው ነው የሚሰሙት።»

አልተቆጡም። የደረጃውን ብረት ይዘው አሰቡ። «እኔ ሴት የምንቅ ሰው አይደለሁም። ትልቋ ልጄ ሐኪም ናት። ያዘዘችልኝን ኪኒን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምውጠው።»

«ታዲያ?»

«ኪኒን ሌላ ነው።»

«እንዴት ሌላ ነው?»

አፋቸውን ከፈቱ። መልሱ እዚያው ያለ መስሏቸው ነበር፤ ሲፈልጉት አጡት።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ» አሉና ወረዱ።

አንባቢዬ፣ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ አቶ ሽብሩን የወደድኳቸው እዚህ ቦታ ነው። ግን ሥራ አስኪያጃችን አቶ ግዛቸው አዲስ ዜና ይዞ የመጣው በዚያው ሳምንት ነበር።


8.

«ተጠባባቂ፣ ተጠባባቂ መባል ይበቃል» አለ አቶ ግዛቸው። «ሐሙስ ቦርዱ ቋሚ ኃላፊ ይሰይማል።»

ሐመልማል ተጠባባቂ ሆና ሁለት ዓመት አልፏታል። ቀና ብላ አየችው።

«ሁለት ዕጩ አለን» አለ፣ እየተቅለሰለሰ። «ሐምዬ፣ ያንቺን ችሎታ ማንም አይክድም። ቤቱን የሠራሽው አንቺ ነሽ። ኢዮስያስን ደግሞ ደንበኞች ያውቁታል። ጋሽ ሽብሩማ ከእሱ ሌላ አላናግርም ነው የሚሉት።»


ያውቁታል።


አሁን ትንሽ ነጭ ቦታ እተዋለሁ። ሐመልማል ያኔ ምንም አላለችም፤ እኔም በእሷ ቦታ የምሞላው ቃል የለኝም።




እኔ ግን ተናደድኩ። ወንበሩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።


9.

ለምሳ ስንወርድ፣ ደረጃው ላይ። ሐመልማል ከፊት፣ ኢዮስያስ ከኋላ፣ እኔ ከሁለቱም ኋላ።

«ለቦርዱ ምን ልትላቸው ነው?»

«ምን ልበል?»

«እውነቱን።»

ኢዮስያስ ቆመ። «እውነቱ እኔም ቦታውን መፈለጌ ነው፣ ሐመልማል። ሚስቴ ልትወልድ ነው። ከዚህ በኋላ ሌላ ዕድል መቼ እንደሚመጣ እኔ የት አውቃለሁ? ደግሞስ የተናገርኩት ሁሉ የእሷ ነው ብል፣ ‹ታዲያ አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ?› አይሉኝም?»

«ምን ትሠራለህ?»

«ሁሉም ያንቺ አይደለም እኮ» አለ። «አንዳንዴ ከራሴም ጨምሬያለሁ።»

«የቱን?»

ከላይ የሚወርዱ ሰዎች እስኪያልፉን ግድግዳ ተጠጋን።

«‹አይዞዎት፣ ጋሼ› የምለውን» አለ።

ሐመልማል ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ እኔን ግን ማልቀስ ቃጣኝ።

«እሱንስ እኔ አልልም ነበር» አለችው፣ ከልቧ። ከዚያ ሁለቱም ምሳ ላይ ስለ ሌላ ነገር አወሩ።


10.

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። የስብሰባ አዳራሽ።

ተገኚዎች፦ አቶ ግዛቸው፣ ሁለት የቦርድ አባላት፣ ሁለቱ ዕጩዎች። አቶ ሽብሩ ሞጆ መንገድ ላይ ስለነበሩ በስልክ፤ ስልኩ ስፒከሩ ተከፍቶ ጠረጴዛው መሀል ተቀምጧል። ቃለ ጉባኤ ያዥ፦ እኔ። ማን እንደሚይዝ አልተጠየቀም፤ እስክሪብቶው በቀጥታ ወደ እኔ ነው የተዘረጋው።

አቶ ሽብሩ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ ወደ ጉዳዩ ገቡ።

«ኢዮስያስ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝና ድምፄን እሰጣለሁ። አዲሱን ሲስተም ስታስገባልኝ፣ አንድም መኪና ሳይቆምብኝ ከአሮጌው ወደ አዲሱ እንዴት ነው የምታሻግረኝ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሐመልማል አሮጌውን የሚተካውን አዲስ ሲስተም ስትሠራ ወራት የደከመችበት ጥያቄ ነው።

ኢዮስያስ እንደ ልማዱ ወደ እሷ ዞረ። እሷም እንደ ልማዷ ወደ ጆሮው አዘነበለች። አፏን ከፈተች።

ዘጋችው።

ቀና ብላ ወንበሯን ተደገፈች።


11.

ከቃለ ጉባኤው እንዳለ የተገለበጠ፦

አቶ ሽብሩ፦ ሄሎ? ኢዮስያስ? መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?

ኢዮስያስ፦ አልተቋረጠም፣ ጋሼ።

አቶ ሽብሩ፦ እና?

ኢዮስያስ፦ መልሱን አላውቀውም።

አቶ ሽብሩ፦ አንተ? እንዴት ሆኖ?

ኢዮስያስ፦ የምታውቀው ሐመልማል ናት። እስከ ዛሬ የነገርኩዎት ሁሉ የእሷ ነው። እሷ በጆሮዬ ትነግረኛለች፣ እኔ ለእርስዎ እነግራለሁ። መኪኖቹ የጠፉ ዕለትም፣ ማዳበሪያው የቆመ ጊዜም እንደዚሁ ነው።

አቶ ግዛቸው፦ ኢዮስያስ፣ ይህ እንኳ አሁን...

ኢዮስያስ፦ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ።

(ተጽፏል።)


12.

እዚህ ላይ ልጨርሰው ነበር። ያምራል፤ ሰውየው የሚመኘውን ወንበር ትቶ እውነቱን ተናገረ፣ ሁሉም ሰማ። ደስ ብሎኝ ነበር። ኢዮስያስ ፊቱ ቀልቷል፤ ሐመልማል ደግሞ እንደ አዲስ ሰው ታየዋለች።

አቶ ሽብሩ ግን ገና አልመለሱም። ከስልኩ የሚሰማው የከባድ መኪና ድምፅ ብቻ ነበር። እኔም የሚሉትን ለመስማት ቸኮልኩ።


13.

አቶ ሽብሩ፦ ለካ እንደዚያ ነው ነገሩ።

(ሳቁ። የንዴት ሳቅ አልነበረም።)

አቶ ሽብሩ፦ ሐመልማል፣ አለሽ?

ሐመልማል፦ አለሁ፣ ጋሽ ሽብሩ።

አቶ ሽብሩ፦ ጎበዝ ነሽ። እግዜር ይባርክሽ፣ የኔ ልጅ።

ሐመልማል፦ አሜን።

አቶ ሽብሩ፦ ኢዮስያስ፣ መልሱ እሷ ጋ ካለ ችግር የለም። እሷ ለአንተ ትንገርህ፣ አንተ ለእኔ ንገረኝ።


14.

ኢዮስያስ ስልኩን በጠረጴዛው ላይ ወደ ሐመልማል ገፋው። አቶ ግዛቸው አጎንብሶ፣ ስልኩ እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሐምዬ፣ ለዛሬ ብቻ በጆሮው ንገሪው» አላት።

እኔ ቃለ ጉባኤው ላይ ስሟን ጻፍኩ፤ ሁለቱን ነጥብ አድርጌ የምትለውን ጠበቅኩ።

ሐመልማል፦