አንድ እፍኝ ቡላ

ወላጅ ስም ሲያወጣ አንዳንዴ ለልጁ ሳይሆን ለጎረቤት መሳቂያ ነው የሚያወጣው። የወርቃ መንደሩ ወልደዮሐንስ የበኩር ልጁን ታረቀኝ አለው። ልጁ ግን አድጎ መታረቅ የማይሆንለት፣ የበደለውን ሰው ፊት ለፊት ከመናገር ይልቅ ቂሙን እንደ ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮ የሚያብላላ ሰው ወጣው። ዲላ ላይ የሚያውቁት ሁሉ፣ «ስሙን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ቢገላገል ይሻለዋል» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

አርባ አራት ዓመት ሞልቶትም አላገባም። ለዚህም ቀልድ አላጡለትም፤ «ምን በወጣው፣ ጃፓናዊቷ ጓሮው ቁጭ ብላ!» ይላሉ። ጃፓናዊቷ ቀይ ቶዮታ ሴሊካ ናት፤ ሁለት በር ያላት፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ በፈረንጆች በሰባ ስምንት የተሠራች። ወደ አገሩ ሊመለስ ከተነሳ ፈረንጅ የቡና ባለሙያ እጅ ያገኛት አባቱ ነው። ወልደዮሐንስ ለስፖርት መኪና ወግ ደንታ አልነበረውም፤ የኋላ ወንበሯን አጥፎ እሸት ቡና በጆንያ እየጫነ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ይመላለስባት ነበር። ጃፓኖች ቢያዩት ያለቅሱ ነበር፤ እሷ ግን አንድም ቀን አላሳፈረችውም። ሲያረጅ ለልጁ ሰጣት።

ልጁን ያሳፈረችው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ራዲያተሯ ማፍሰስ ጀመረና ታረቀኝ ጋሽ ደበበ ጋራዥ ወሰዳት። ደበበ የአባቱ ወዳጅ፣ የጸሎት ቤት ሽማግሌ፣ ዲላ ላይ እጁ የተመሰገነ መካኒክ ነው። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጨርሶ አስረከበው።

«ቀዳዳውን በሳልዳቱራ በይጄ ደፍኜዋለሁ» አለው። «ይቺ ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የምትሄደው የታችኛዋ የውሃ ጎማ ግን አርጅታለች፤ ቀይራት።»

«ጋራዥ መቼ አንድ ነገር ሠርቶ ያበቃል!» ብሎ ስቆ ሄደ ታረቀኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ አባትህን ደረቱን አሞታል ተብሎ ከወርቃ ተደወለለት። እዚያው ሄዶ አደረና ጠዋት አባቱን ከፊት፣ እናቱን ከኋላ አስቀምጦ ወደ ዲላ ሆስፒታል ተነሳ። ሬኮ መገንጠያ ሳይደርሱ ያለውን ዳገት ወጥተው ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሴሊካዋ ጨሰች። እንፋሎቱ መስተዋቱን ሸፈነው፤ ሞተሩም ቀጥ አለ። ያን ቀን ደግሞ ከመንገዱ ላይ መኪና የሚባል ጠፋ። የሚጭናቸው እስኪገኝ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ወልደዮሐንስ የቆየው አርባ ደቂቃ ብቻ ነበር።

ከሐዘኑ በኋላ ታረቀኝ መኪናዋን አስጎትቶ ዲላ ግቢው አስገባትና ከአቮካዶው ዛፍ ስር ራዲያተሯን ፈታ። ውስጡ ነጭ ነገር ተጋግሮ መተላለፊያውን ሁሉ ደፍኖታል። በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ ምላሱ ላይ አኖረው። ቡላ ነው! የጌዴኦ ልጅ ቡላ አይጠፋውም። የድሮ ሹፌሮች ዘዴ ነው፤ ራዲያተር ሲያፈስ ቡላ ይጨምሩበታል፣ ውሃው ሲሞቅ ቡላው እንደ ገንፎ ይረጋና ቀዳዳውን ይይዛል። ሲበዛ ግን ቀዳዳውን ብቻ አይደለም የሚይዘው። ጥግ ላይ የሳልዳቱራ ጠብታ አየ። «ለማስመሰል ነው» አለ በሆዱ። ደበበ ሥራ ጠልቶ ቡላ ነስንሶበት አባቴን ገደለው፣ አለቀ።

ለማንም አልተናገረም። ለሽማግሌ አላመለከተም፤ ከዚያ ወዲህ አብራው ለምትኖረው ለእናቱ እንኳ ትንፍሽ አላለም። የደረቀውን ቡላ በብልቃጥ አድርጎ መፍቻዎቹ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ታረቀኝ በየእሑዱ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እየዘመረ፣ ሲወጣ ደበበን ትከሻ ለትከሻ እየተሳሳመ ዘጠኝ ዓመት ኖረ። የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ሰው በተሰበሰበበት፣ ደበበ በገዛ አፉ «እኔ ነኝ» እንዲል።

እስከዚያው ሴሊካዋን አዳናት። ሞተሯን በአቮካዶው ቅርንጫፍ በሰንሰለት አንጠልጥሎ አወረደ። እያንዳንዱን ዕቃ በናፍጣ እያጠበ ቡና ማድረቂያ አልጋው ላይ፣ በወንፊቱ ሽቦ ላይ፣ በተፈታበት ተራ አሰጣው፤ ጎረቤት በአጥር እያየ «ዘንድሮ ታረቀኝ ብሎን ሊያደርቅ ነው» ይል ነበር። የተሰነጠቀውን የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ሐዋሳ ወስዶ አስበየደ፣ አስላገ። የፒስተኖቹን ቀለበቶች፣ ፋሻዎቹን፣ ለማግኘት ሁለት ዓመት ጠበቀ፤ ካርቡራተሩን አሥራ አንድ ጊዜ ፈታ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ገጠመ። የውሃ ጎማዎቹን ሁሉ፣ የታችኛዋንም ጭምር፣ በአዲስ ቀየረ። በስምንተኛው ዓመት አስነሺው ሞተሪኖ ሲዞር ሴሊካዋ አንዴ አስነጠሰችና ተነሳች። እናቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ፤ ግን ከደስታ ብቻ አልነበረም።

በዘጠነኛው ዓመት ደበበ በራሱ እግር ቤቱ መጣ።

«ታሬ፣ ሳሮንን ልድራት ነው» አለው። «ሙሽራው የጌዴብ ልጅ ነው፤ ጋብቻውም እዚያው ጸሎት ቤት ነው። ልጅቷ ደግሞ በሴሊካ ካልሆነ ንቅንቅ አልልም ብላ አስቸግራኛለች። አንተው ንዳልን፣ አደራህን።»

ጌዴብ! መንገዱ በዚያው ዳገት ላይ ነው የሚያልፈው። 

«ለአንተ ልጅ ያልሆነች መኪና ለማን ልትሆን ነው፣ ጋሽ ደበበ?» አለ ፈገግ ብሎ።

ሳምንቱን ሙሉ ከራሱ ጋር ተሟገተ። ደበበን ለማዋረድ ሴሊካዋን ዳግመኛ መግደል አለበት፤ ስምንት ዓመት የለፋባትን፣ የአባቱን እጅ የሚያስታውስባትን። አንዳንዴ መሪዋን ይዞ ይቀመጥና ይተወዋል። ከዚያ ብልቃጧን ያያል፤ ጥላቻው እንደ አዲስ ይፈላበታል። በሠርጉ ዋዜማ ከእናቱ ዕቃ ሙሉ ጣሳ ቡላ ቀድቶ ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ በውሃ በጠበጠው።

«ቡላዬን ማን ነካው? ገንፎ አማረህ እንዴ?» አለችው እናቱ።

«አዎ» አላት።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አጀቡ ከዲላ ወጣ። ሴሊካዋ በአበባ ተሸልማ ከፊት፣ ሚኒባሶቹ ከኋላ። ከታረቀኝ ጎን ደበበ በአዲስ ሙሉ ልብስ፣ ከኋላ ሳሮን ከሚዜዋ ጋር። የታረቀኝ እናት ከሴቶቹ ጋር ሚኒባስ ውስጥ ናት። ይርጋጨፌ ላይ ፎቶ አንሺው ግማሽ ሰዓት አቆማቸው። ታረቀኝ ኮፈኑን ከፍቶ፣ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ ፈታና ጠርሙሱን ገለበጠ።

«ወተት ታጠጣታለህ እንዴ፣ ጋሼ?» አለችው ሳሮን በመስኮቱ እየሳቀች።

«ሆዷን ስለሚያማት ነው» አላት። ሳቋ ትንሽ አሳመመው፤ ክዳኑን ግን ገጠመ።

ከሬኮ መገንጠያ አለፍ ብለው ዳገቱን በዚህኛው ወገን ሲያያዙት የሙቀቱ መርፌ መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ያየው ደበበ ነው።

«ታሬ፣ ሙቀቱን እየው! ቁም፣ ቁም፣ ትነድብሃለች!»

ታረቀኝ ነዳጁን ረገጠ። ሴሊካዋ አጓራች፣ ጨሰች፤ አባቱ የሞተበት ቦታ ላይ ስትደርስ አንድ ነገር ከውስጧ ስንጥቅ ብሎ ቀጥ አለች። ከኋላ ሲያንባርቅ የነበረው ክላክስ ሁሉ አንድ በአንድ ዝም አለ። ሰው ከየሚኒባሱ ወርዶ ተሰበሰበ።

ታረቀኝ እጁ መቃጠሉን ከቁብ ሳይቆጥር ክዳኑን ነቅሎ በብረት ዘንግ የረጋውን ነጭ ነገር ዛቀና ደበበ ፊት ዘረጋው። በሌላ እጁ ብልቃጧን ከኪሱ አወጣ።

«ታውቀዋለህ? ቡላ ነው! አባቴ እዚህ የሞተ ዕለት ከራዲያተሩ ያወጣሁት ይኸውልህ፣ ዘጠኝ ዓመት አስቀምጬልሃለሁ። ሳልዳቱራ አድርጌዋለሁ ብለህ ቡላ በጥብጠህ ሰጠኸኝ። ዛሬ እኔ ጨመርኩበት፤ ልጅህን ይዘህ መንገድ ላይ መቅረት ምን እንደሚመስል እየው። በል ተናገር! በሰው ፊት፣ እኔ ነኝ በል!»

ደበበ ወደ ዘንጉ ጎንበስ ብሎ አየ። «ታሬ፣ እኔ ቡላ...» ብሎ ሳይጨርስ የታረቀኝ እናት ሰዉን እየገፋች ደረሰች።

«ኧረ ልጄ፣ ሰው ያለ ጥፋቱ አታስቀይም!» አለች። «ቡላውን የጨመረው አባትህ ነው። ያን ጠዋት አንተ ፊትህን ስትታጠብ ተነስቶ መኪናውን ዞረው። የታችኛው የውሃ ጎማ ያንጠባጥባል። ቡላ አምጪ አለኝ፣ አንድ እፍኝ ሰጠሁት። ለታረቀኝ እንዳትነግሪው፣ መኪናዬን ነካህ ብሎ ይቆጣኛል አለኝ። ድሮም እንደዚያ ነበር የሚደፍነው።»

ታረቀኝ ብልቃጧን እንደያዘ ቀረ። የታችኛዋ ጎማ። ቀይራት ተብሎ የሳቀባት። ዘጠኝ ዓመት አንዴ፣ አንዲት ጊዜ እንኳ አፉን ከፍቶ ቢሆን ኖሮ፣ መልሱ እዚያው ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር።

እናቱ መጀመሪያ የጨሰችውን መኪና አየች፤ ከዚያ በልጇ እጅ ላይ ያለውን ነጭ ነገር፤ ከዚያ ባሏ የተጋደመበትን የመንገድ ዳር። ፊቷ ቀስ በቀስ አመድ መሰለ።

«ታዲያ...» አለች። «በእጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ወልዴን የገደልኩት እኔ ነኛ?»

ታረቀኝ አይደለም ሊላት ፈለገ። ግን ምን ብሎ? አሁን በሰው ሁሉ ፊት ቡላ ሞተር እንደሚገድል የመሰከረው እሱ ነው። ኮፈኑን ተደገፈ።

«እኔ ነኝ» አለ ደበበ።

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ሽማግሌው አዲሱን ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል።

«የታረቀኝ እናት፣ የሰጠሽው አንድ እፍኝ ነው አይደል? አንድ እፍኝ ቡላ ሞተር አይገድልም። የዛሬው እኮ ሙሉ ጠርሙስ ነው። የዚያን ጊዜውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሳልዳቱራው ሳይዝ ሰጠሁት፣ ውሃው በዚያ አለቀ። ጥፋቴን ለማመን አፍሬ ዝም አልኩ።»

የሙሽራው ዘመዶች እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ሴት ከንፈሯን መጠጠች። ሳሮን በመኪናው በር ቆማ አባቷን እንደማታውቀው ሰው አየችው፤ ከዚያ ቬሏን ፊቷ ላይ ጣለች። ደበበ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ ታረቀኝን አየው። አንዱ በሙያው፣ ሌላው በዘጠኝ ዓመት ልፋት መካኒክ ናቸው፤ አንድ እፍኝም ራዲያተር ለመድፈን እንደሚበቃ ሁለቱም ያውቃሉ።

ታረቀኝ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀውን ቃል፣ በጠበቀው ቦታ፣ በጠበቀው ሕዝብ ፊት ሰማ። ውሸት መሆኑንም ያውቃል፤ እውነቱን ልናገር ቢል ደግሞ እናቱን ነው የሚገድለው።

እናቱ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። የፊቷ ቀለም ተመለሰ። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ የልጇን ክንድ ያዘች።

«በቃ፣ እውነቱን ተናግሯል፤ እግዚአብሔርም ሰምቷል» አለችው። «ስምህ ታረቀኝ አይደል? በል ይቅር በለው።»

ታረቀኝ እጁ ላይ የቀዘቀዘውን ቡላ በሱሪው ጠረገ። ሰው ሁሉ ይጠብቀዋል፤ ከኋላ የመጣ አይሱዙ መንገድ ልቀቁ እያለ ክላክስ ያደርጋል።

«ይቅር ብዬሃለሁ፣ ጋሽ ደበበ» አለ።

ደበበም አንገቱን ደፍቶ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለውና ሳሮንን ደግፎ ወደ ሚኒባሱ ሄደ።