ከጎፈሩ ሥር ያለው ማብሪያ

ቬንደሊን አምና በሰው ሳሎን ውስጥ ጭምብላቸውን አወለቁ። በሸለቆው ከዚህ የባሰ ነገር የሠራ ሰው አለ፤ አንዱ የገዛ ወንድሙን ጎተራ አቃጥሏል። እሱን ግን ሰው ይቅር ብሎታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ በቅዱስ ኒኮላስ ዋዜማ፣ ሲመሻሽ፣ የጳጳስ ልብስ የለበሰ ሰው በየቤቱ እየዞረ የልጆችን ጠባይ ይጠይቃል። ከኋላው ቀንዳም፣ ጠጉራም፣ ወገባቸው ላይ የላም ቃጭል የታጠቁ ክራምፑሶች አርጩሜ ይዘው ይከተሉታል። ጳጳሱ ዳቦ ጋጋሪው ሴቨሪን ነው። ክራምፑሶቹ እነማን እንደሆኑ ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ሁሉም ሰው ግን እንደማያውቅ ይሆናል። ክራምፑስ ፊቱ አይታይም። ከታየ ጭምብሉ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ባለቤቱም ከዚያ ወዲያ ዋዜማውን እንደማንኛውም ሰው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የክራምፑሶቹ ማኅበር በጭምብሎቹ ዓይን ውስጥ ቀይ መብራት ይግባ ብሎ ድምፅ ሰጠ። ከጭምብሎቹ አብዛኞቹን ከጥድ የጠረቡት ቬንደሊን ናቸው። ተቃወሙ፤ ተሸነፉም። በማግሥቱ ለአምፖሎቹ የሚሆነውን ቀዳዳ ራሳቸው ቦረቦሩት፤ ከሁሉም አሳምረው።

ችግሩ ማብሪያው ነበር። የባትሪ ድንጋዮቹ ያሉበት ሣጥን ጭምብሉ ውስጥ፣ ከማጅራት በኩል ነው። ቁልፉም እዚያው ሣጥኑ ላይ። ለማብራትም ለማጥፋትም እጅ በአንገት በኩል ገብቶ ወደ ኋላ መዞር አለበት። ጳጳሱ ወለሉን አንዴ በዘንጉ ሲመታ ክራምፑሶቹ ዓይናቸው እንደበራ ዘለው ይገባሉ፤ ሁለተኛ ሲመታ አጥፍተው ይንበረከካሉ። አንድ ክራምፑስ እንኳ ዓይኑ እንደበራ ከቀረ ጳጳሱ ለልጆቹ ፖምና ለውዝ አይሰጥም። አምና በኤድሊንገሮች ቤት ሁሉም ጠፉ። የቬንደሊን አልጠፋም። እጃቸው ከአንገታቸው ሥር ሲታገል፣ ሲታገል፣ በመጨረሻ ጭምብሉን ብድግ አደረጉት።

"የበረዶ መንሸራተቻችንን ጠርዝ የሚስሉልን ሰውዬ!" አለች የቤቱ ልጅ ሌኒ።

ማኅበሩ ተነጋገረ። ያየው አንድ ቤት ብቻ ስለሆነና ጭምብሎቹንም የጠረቡት እሳቸው ስለሆኑ ነገሩ ታለፈ። "ሁለተኛ ግን…" አለ ሴቨሪን። አልጨረሰውም። በዚያ ሸለቆ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር የሚጨርስ ሰው የለም።

የቬንደሊን ልጅ ቡርጊ ይህን ሁሉ አላየችም። ሲንጋፖር ነበረች። ኤሌክትሪክ የተማረችው እዚያ ነው፤ ሥራም የያዘችው እዚያ። በጸደይ ዕቃዋን ሰብስባ ተመለሰች። ለምን እንደተመለሰች የጠየቃት የለም። ሰው የሚጠይቃት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እስከ መቼ ነሽ?

በመከር ሴቨሪን አንድ ሙልሙል ዳቦ በብብቱ ይዞ መጣ።

"ቡርጊ፣ ያ የአባትሽ ነገር…"

"የቱ ነገር?"

"ጣታቸው ነዋ።"

"ጣቱ ምን ሆነ?"

"እኔ ምን አውቄ! ደግሞ እኔ አልነገርኩሽም። ማብሪያውን ወደ ውጭ ማውጣት ይቻላል ወይ ነው ያልኩሽ።"

"ይቻላል። ከባድ አይደለም።"

"እንግዲያው የሁሉንም አውጪው። የእሳቸውን ብቻ ካወጣሽ ይገባቸዋል።"

"የሁሉንም? ስንት ጭምብል ነው ይሄ!"

"ምን አለብሽ፣ ሥራ ፈት አይደለሽ?" አላት ከልቡ አዝኖላት። ከዚያ ዳቦውን አቀበላትና፣ "እስከ መቼ ነሽ ግን?" አለ።

ከአባቷ ጭምብል ጀመረች። የእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ እሷ በአንዱ ጠረጴዛ፣ አባቷ በሌላው፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ።

"እንጨቱን እንዳትበሺ" አሉ አባቷ ሳይዞሩ።

"ቆዳውን ነው የምበሳው አባባ።"

"ቆዳውንም ቢሆን ቀስ ብለሽ።"

ቦታውን ስታስብበት ሰነበተች። ከፊት ቢሆን ልጆች ያዩታል። ቀበቶ ላይ ቢሆን ገመዱ ከራስ እስከ ወገብ ሊወርድ ነው፤ ጭምብሉ ሲወልቅ ይበጠሳል። ማጅራት ላይ ግን ከሣጥኑ አንድ ስንዝር አይርቅም፤ የፍየል ጠጉር ጎፈሩም ይሸፍነዋል። ከሣጥኑ ወደ አምፖሎቹ የሚሄደውን ቀዩን ሽቦ ቆረጠች። ሁለቱን ጫፎች በአዲስ ሽቦ አስረዝማ በየደች፤ በናስትሮ ጠቀለለች። ከኋላ ያለውን ቆዳ በስታ አዲሱን ማብሪያ አስገባችና ብሎኑን አጠበቀች። የድሮውን ቁልፍ በርቶ እንዲቀር በሙጫ ዘጋችው። አዲሱ ባለ ምላስ ነው፤ ወደ ላይ ሲገፋ ይበራል፣ ወደ ታች ሲሳብ ይጠፋል። ሆን ብላ ትልቅ መረጠች። ወፍራም ጓንት ያጠለቀ፣ ጣቱ የደነዘዘ ሰው እንኳ አይስተውም።

ዞር ብላ የአባቷን ጣቶች አየች። በትንሽ ቢላዋ የአንድ አዲስ ጭምብል ቅንድብ እየጠረቡ ነበር። ፍቅፋቂው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየሳሳ ይወድቃል። ለታመመ ጣት ደህና ይሠራል ብላ አሰበች። ከዚያ በላይ አላሰበችም፤ አልጠየቀችምም።

"በል አጥልቀህ ሞክረው።"

"ዛሬ?"

"አዎ ዛሬ። ካልተሞከረ እንዴት ይታወቃል?"

"ጭምብል ከዋዜማው በፊት አይጠለቅም።"

ሲንጋፖር ቢሆን ሳይሞከር የሕፃን መጫወቻ እንኳ ከበር አይወጣም። ግን በጋውን ሙሉ ስትታረም ነው የከረመችው። እሑድ ልብስ አስጥታ ታርማለች፤ የመቃብር ሻማ ገዝታ፣ ቀለሙ ልክ አይደለም ተብላ ታርማለች። እንዲሁ አቀበለቻቸው። አባቷ ጭምብሉን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ማብሪያውን በአንድ ጣት ወደ ላይ ገፉት፤ ቀይ ሆነ። ወደ ታች ሳቡት፤ ጠፋ።

"ጥሩ ነው" አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ረጅም ንግግር ነበር። የቀሩትንም ጭምብሎች በዚሁ ዓይነት ሠራች።

በዋዜማው ቡርጊ የፖሙንና የለውዙን ከረጢት ተሸክማ ከኋላ ተከተለች። የመጀመሪያው ቤት የኤድሊንገሮች ነበር። ሴቨሪን ረጅም ነጭ ጢሙን አስተካክሎ ገባ። ክራምፑሶቹ ከጎተራው ጀርባ ቆመው ዘንጉን ይጠብቃሉ። ሁሉም እጁን ወደ ማጅራቱ ላከ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። የቬንደሊን ክንድ እስከ ትከሻቸው ወጣና ቆመ። ወረደ። እንደገና ወጣ፤ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ።

"ምን ይጠብቃሉ ጋሼ?" አለ ሥጋ ሻጩ ካስፓር፤ በጎናቸው ሲያልፍ ማብሪያውን ገፋላቸው።

ቡርጊ ያን ጊዜ ገባት። ጣት አይደለም። ትከሻ ነው። ሸለቆው ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ሲያዝንለት የኖረው ጣት ጤነኛ ነበር። እሷም ማብሪያውን አምጥታ የሰካችው አባቷ በዓለም ላይ ሊደርሱበት በማይችሉት ብቸኛ ቦታ ላይ ነው። አፏን ከፈተች። ውስጥ ዘንጉ ወለሉን መታ፤ ቃጭሉ ተናወጠ፤ ሁሉም እያገሱ ገቡ።

እሷ ደጃፉ ላይ ቀረች። ጭምብል ያልለበሰ ሰው ክራምፑስ አይነካም። ይህንን አርመዋት ሳይሆን ከልጅነቷ ታውቀዋለች።

ሴቨሪን ሁለተኛ መታ። ክራምፑሶቹ ዓይናቸውን አጥፍተው ተንበረከኩ። በክፍሉ መሐል ሁለት ቀይ ዓይኖች ቀሩ።

ሌኒ ትክ ብላ ታያቸዋለች። አምና ያየችውን ፊት የምትፈልግ ትመስላለች። የቬንደሊን ክንድ ወጣ፤ ቆመ፤ ወረደ። ካስፓር ከወለሉ ላይ፣ "ጋሼ፣ ያጥፉት እንጂ!" አለ በጭምብሉ ውስጥ። የቬንደሊን እጅ ወደ አገጫቸው ሄደ፤ የጭምብሉን ጫፍ ያዘ።

ቡርጊ ሴቨሪንን አየችው። በዓይኗ ወደ አባቷ ማጅራት አመለከተች፤ ባዶ እጇን ከራሷ ኋላ አድርጋ ወደ ታች ሳበች።

ሴቨሪን ዕድሜውን ሙሉ በረጅም እንጨት ከእሳት ውስጥ ዳቦ ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው። የጳጳስ ዘንጉን አዙሮ ቆልማማውን ጫፍ በቬንደሊን ጎፈር ሥር ሰደደው፤ ትንሽ ዳሰሰ፤ ሳበ። ቀጭ። ዓይኖቹ ጠፉ።

ቬንደሊን ለጊዜው የሆነው አልገባቸውም። ከዚያ አገጩን ለቀቁት፤ ቀስ ብለው ተንበረከኩ።

"እንደገና!" አለች ሌኒ።

ሴቨሪን ዙሪያውን አየ። ይህንን የሚከለክል ሥርዓት አልነበረም፤ የሚፈቅድም አልነበረም። በዘንጉ ገፋው። ዓይኖቹ በሩ፤ ቬንደሊን ሳያስቡት አገሱ። ሌኒ ጮኻ ከሶፋው ጀርባ ገባች። ሳበው፤ ዝም አሉ።

"ያኛውንም!" አለች ሌኒ ከሶፋው ጀርባ፣ በጣቷ ካስፓርን እያሳየች።

"እኔን?" አለ ካስፓር። ክራምፑስ አይናገርም ነበር፤ ግን የሰማው እንዳልሰማ ሆነ። ጳጳሱ እሱንም አበራው፤ አጠፋውም።

በሚቀጥለው ቤት ሁሉም ዓይናቸውን እንዳበሩ ተሰልፈው ቆሙ፤ ጳጳሱም ተራ በተራ አጠፋቸው። ከዚያ በኋላማ ማንም ራሱን ለማጥፋት የሞከረ የለም። በመጨረሻው ቤት ምድጃው አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ ራሳቸውን በአዎንታ እየነቀነቁ፣ "ድሮም እንዲህ ነበር፤ አያቴም ሲነግረኝ እንዲሁ ነው" አሉ። እሳቸው ልጅ ሳሉ ሸለቆው ኤሌክትሪክ አልነበረውም። ይህንን ያነሣ ሰው የለም።

አባትና ልጅ በበረዶው ላይ ወደ ቤት ሄዱ። ቬንደሊን የራሳቸውን ደጃፍ እስኪረግጡ ጭምብሉን አያወልቁም፤ ድምፃቸው ከእንጨት ውስጥ ይመጣል።

"ትከሻዬ ነው" አሉ ብዙ ከሄዱ በኋላ።

"አየሁ።"

"ጣቴ ምንም አልሆነም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ማን ጠየቀኝ?"

ቡርጊ አሰበች። እውነትም የጠየቃቸው የለም።

"ነገ አወርደዋለሁ አባባ" አለች። "የሚነቀል ገመድ አድርጌ ቀበቶህ ላይ አስረዋለሁ። እጅህ ሳይነሣ ይደርስበታል።"

ቬንደሊን ቆሙ። ቀንዳሙ ፊት ወደ እሷ ዞረ።

"አትንኪው" አሉ። "የቆየ ሥርዓት ነው።"

ቤታቸው ደረሱ። ጭምብሉን አወለቁና ጎፈሩን በእጃቸው አበጠሩት።

"የካስፓር ግን ብሎኑ ላልቷል" አሉ። "ለከርሞ ታጠብቂለታለሽ።"