የማይዘንበው ደመና

ማጣሪያው ጠቁሯል። የደመና ባለሙያዋ ከመሥሪያ ቤቱ ጣሪያ ላይ ካለው የአየር ብናኝ መለኪያ መሣሪያ ውስጥ ስትስበው የድስት ቂጥ መስሎ ወጣ። ጥላሸቱን ከጣቷ ላይ በቀሚሷ ጠረገች።

አውሮፕላኑ መቼ እንደሚነሳ የሚወስነውን ደንብ ያወጣችው ራሷ ናት። የደመና ጠብታ ለመፈጠር የሚጣበቅበት ብናኝ ይፈልጋል፤ ከተማዋ ግን ከመኪናውም ከፋብሪካውም የምትለቀው ብናኝ መጠን የለውም። ያው አንድ ውሃ ለዚያ ሁሉ ሲከፋፈል ጠብታው ከስቶ ይቀራል፤ የሚወድቅበት ክብደት አያገኝም። በዚያ ላይ ዝናብ ለማምጣት ብሎ በአውሮፕላን ደቃቅ የጨው ጭስ መርጨት በሞላ አውቶቡስ ላይ ሰው መጫን ነው። ማጣሪያው ሲጠቁር አውሮፕላን አይነሳም፤ አለቀ።

ወንድሟ ግን ጠዋት ደውሎላታል። ከከተማው ማዶ ያለው የብርቱካን እርሻው እየደረቀ ነው።

«እህት ዓለም፣ ደመናው በእናንተ በኩል እየመጣ ነው። በሞቴ፣ እንዳታሳልፉት። ከዚህ ወዲያ ዛፎቹም አይተርፉም፤ እኔም አልተርፍም።»

ሲቀልድ እንጂ ሲለምን ሰምታው አታውቅም።

አብራሪው በሩ ላይ ብቅ አለ። «እመቤቴ፣ ልነሳ ወይስ ሄጄ ልተኛ?»

ማጣሪያውን በመዳፏ ጨበጠችው። «ተነሳ» አለችው።

ከሰዓት በኋላ ራዳሩ ፊት ተቀምጣለች። ራዳሩ የሚያየው የወፈረ ጠብታ ብቻ ነው፤ ስክሪኑ ባዶ ነው። በመስኮቱ የሚታየው ደመና ግን ሰማዩን ሞልቶ ወደ ወንድሟ እየሄደ ነው። እጇን ሰብስባ ብትተወው ኖሮ ምናልባት ከከተማው ሲርቅ ትንሽ ያንጠባጥብ ነበር። አሁን ማን ያውቃል? ጨው የጨመረችበት እሷ ናት። መጮህ አማራት፤ የሚሰማት ሰው ግን አልነበረም።

ስልኩ ጮኸ።

«መጣ! እህት ዓለም፣ መጣ! ፀሐይዋን ሸፈናት!» ወንድሟ ይስቃል፤ ከኋላው ልጆቹ ይንጫጫሉ። «በርሜሎቹን ሁሉ ከፍተናል። አንቺ ነሽ አይደል?»

በመስኮቱ አየች። የደመናው ጠርዝ መሳሳት ጀምሯል።

«እኔ ነኝ» አለችው።

«በይ አትዝጊው፤ ስልኩን በርሜሉ አፍ ላይ ልያዝልሽ። የመጀመሪያዋን ጠብታ አብረን እንስማ።»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ጠበቀች። በባዶው በርሜል ውስጥ ነፋስ ሲዞር ይሰማታል።