ከማዶ የመጣው ቅርፊት

አባዬ ጡረታ የወጣ የሥነ ምድር ባለሙያ ነው፤ ጡረታ ወጣ የምንለው ግን እኛ ነን እንጂ እሱ አልሰማም። ጠዋት ጠዋት እኔ ወደምሠራበት የሙዚየም ክፍል ይመጣና ስለ ብሩሾቼ አያያዝ ይነዘንዘኛል። ሥራዬ ቅሪተ አካልን ከድንጋይ ውስጥ በመርፌ እየፈለፈሉ ማውጣት ነው።

ከታናሽ ወንድሙ ጋር ከተኳረፉ ቆይተዋል። ያጣላቸው ውርስ አይደለም፣ ድንጋይ ነው። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ያጠናው ከወንዙ ወዲህ ያለውን ቀይ የድንጋይ ንጣፍ ነው፤ አጎቴ ደግሞ ወዲያ ማዶ ያለውን። አጎቴ «አንድ ንጣፍ ነው፣ ወንዙ ነው የቆረጠው» ይላል። አባዬ «የኔ ይቀድማል!» ይላል። ድንጋዩ እንኳ ታላቅ ካልሆነ አይሆንለትም።

ሊገላግላቸው የሚችለው አንድ እንስሳ ነው፤ ዳይኖሰሮች ገና ብቅ ብቅ ሲሉ፣ በትራያሲክ ዘመን የኖረ፣ ጀርባው በአጥንት ቅርፊት የተሸፈነ፣ አዞ መስሎ ቅጠል የሚበላ ምስኪን። ዓይነቱ ብዙ ነው። አንዱ ብዙም ሳይቆይ ይጠፋና በሌላ ይተካል፤ የየዓይነቱ ቅርፊትም የየራሱ ጌጥ አለው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ቅርፊት የተገኘባቸው ሁለት ንጣፎች እኩያ ናቸው ማለት ነው። ከማዶ ግን ደህና ቅርፊት ተገኝቶ አያውቅም ነበር።

ባለፈው ሳምንት አጎቴ ከላከው ድንጋይ ውስጥ አንድ አወጣሁ። ሳጸዳው ክው አልኩ፤ ጌጡ ከወዲህ ከተገኙት የአባዬ ቅርፊቶች ጋር አንድ ነው። አባዬ በእጁ የቀባውን ካርታ ለማተሚያ ቤት ሊያስረክብ ነው፤ ሁለቱን ንጣፎች በዕድሜ ለይቶ፣ ወዲህ ቀይ፣ ወዲያ ፈዛዛ ቢጫ አድርጎ። ዝም ብል ስህተቱ ይታተማል። ብናገር «አጎትሽ አሳመነሽ» ብሎ ያኮርፈኛል፤ የሱን ኩርፊያ ደግሞ አይቼዋለሁ።

እናም ከሱ አንድ፣ ከአጎቴ አንድ ቅርፊት፣ ያለ ምልክት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት።

«አባዬ፣ ያንተ የትኛው ነው?»

«እንዴ፣ ልጄን አጣዋለሁ?» መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አንዱን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። «ይሄዋ! ጉብታው ወደ ኋላ ሸሸት ያለ። ያኛውም የኔው ነው። ምነው፣ ልትፈትኚኝ ነው?»

«የያዝከው ከማዶ የመጣ ነው።»

ጆሮው ቀላ። ቅርፊቱን መስኮቱ ጋ ወስዶ አገላብጦ አየው። አንጀቴን በላው፤ ምነው ባላሳየሁት አልኩ።

ከዚያ ካርታውን ዘረጋና ቀዩን እርሳስ አነሳ። የወንድሙን ቢጫ በራሱ ቀይ ይቀባው ጀመር፤ በእልህ፣ ጫን እያደረገ። ግማሽ ሳይደርስ እርሳሱ አለቀ።

«ከመጋዘን ላምጣልህ?»

«የመጋዘኑ ቀለም አይገጥምም» አለ ሳያየኝ። «አጎትሽ ይሄንኑ ነው የሚገዛው። ደውዪለት፣ ይዞ ይምጣ።»

ደወልኩ። አጎቴ ስለ ቅርፊቱ አንድም ነገር አልጠየቀኝም።

«ጋሼ ራሱ ነው ና ያለኝ?» አለ።

አባዬ ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ።

«ራሴ ነኝ» አለው። «ና።»