«ደስታሽን ዝቅ አድርጊው»

የሙሀመድየሱፍ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ለጉራ አልነበረም። የዘይነት አባት፣ የባሕር ዳሩ ጨርቅ ነጋዴ ኑርሑሴን፣ ቤታቸው የገባን ወረቀት ሁሉ ከፍተው የሚያነቡ ሰው ናቸውና ከእንግሊዝኛ የተሻለ ቁልፍ አልተገኘም። በሐሙሲት ከተማ መምህር የሆነው ሙሀመድየሱፍ እንዲህ ይላል፦ «ላገባሽ እፈልጋለሁ። እሺ ካልሽኝ ነገ ዓርብ ሽማግሌ እልካለሁ። ዛሬ መልስሽ ካልደረሰኝ ግን ወደ ጎዴ የሚያዛውረኝን ቅጽ እፈርማለሁ።»

ጎዴ! እስከ ኦጋዴን ድረስ! ዘይነት በአጎቷ ልጅ ሰርግ ላይ ካየችው ወዲህ እህል አልወርድ ብሏት ነው የከረመችው። መልሱን የሚያደርሰው ደብዳቤውን ያመጣው የአውቶቡስ ረዳት ሲሆን፣ አውቶቡሱ አራት ሰዓት ላይ ይነሣል።

«እሺ» ብላ ብትጽፍ ምን ነበረበት? የለም! አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች ልጅ በ«እሺ» ብቻ ትቀራለች? የድሮ ደብተሯን አገላብጣ ሦስት አባባል አወጣች። ፈረንጅ ደስታ ሲያሰክረው ወይ ዘጠነኛው ደመና ላይ ነኝ ይላል፣ ወይ ከጨረቃ በላይ ነኝ፣ ወይ ሰባተኛው ሰማይ ላይ ነኝ። ከአባቷ ሱቅ ጓሮ አክስቷን ነፊሳን አማከረቻቸው።

«ሰባተኛውን ሰማይ ልጻፍለት?»

«አላህን ፍሪ እንጂ! እሱ ነቢዩ የወጡበት ነው። ለአንድ የሐሙሲት አስተማሪ?»

«ጨረቃስ?»

«እዚያ አሜሪካኖች ወጥተዋል። ቀበሌ ጠርቶ ምን ልታደርጊ ሄድሽ ቢልሽ ምን ልትዪ ነው?»

«እንግዲያው ዘጠነኛው ደመና ነዋ የቀረኝ።»

«ዘጠነኛ? ኧረ ደስታሽን ዝቅ አድርጊው! ገና በደብዳቤ ዘጠነኛ ላይ ከወጣሽ ለኒካሑ ወዴት ልትሄጂ ነው? ሦስተኛው ይበቃዋል።»

እንደ ጨርቅ ተከራከሩበት። ዘይነት ወደ ሰባት ወረደች፣ አክስት እያጉረመረሙ አራት ደረሱ። «በቃ፣ አምስተኛ ብዬ ጻፍሁ» ስትል አውቶቡሱ ክላክሱን እየነፋ ወደ አባይ ድልድይ ሲፈተለክ ተሰማ።

ዘይነት ወረቀቱን ወዲያ ጥላ ወጣች። አክስቷ «ወይኔ ጉዴ!» ብለው ሳይጨርሱ ሽንኩርት አራግፎ በሐሙሲት በኩል ወደ ወረታ በሚመለስ የጭነት መኪና ላይ ተሰቅላለች።

ሐሙሲት ደርሳ የመምህሩን ክፍል በር ስትከፍት ስድሳ ተማሪ ብድግ አለ። ሙሀመድየሱፍ ቅጹን ፊቱ ዘርግቶ እስክሪብቶ ይዟል። «ሃው አር ዩ?» አላት። እሷም ያ ሁሉ ደመናና ሰማይ ብን ብሎባት «አይ አም ፋይን» አለች። ልጆቹ ክፍል ውስጥ የተባለን ሁሉ መድገም ልማዳቸው ነውና «አይ አም ፋይን!» ሲሉ ጣሪያው ተንቀጠቀጠ።

የሰውዬው ፊት ዐመድ መሰለ። ደህና ነኝ ማለት ምን ማለት ነው፣ እምቢታ ነው? አንገቱን ደፍቶ እስክሪብቶውን ወደ ቅጹ ሲያስጠጋ የዘይነት ደም ፈላ።

«ምኑን ነው የምትፈርመው? ደስ ብሎኛል እኮ! ደስ ብሎኝ ልሞት ነው፣ አንተ ጅል!»

«ደስ ብሎኝ ልሞት ነው፣ አንተ ጅል!» አሉ ስድሳዎቹ፣ አንድም ሳይጎድል።

ቀኑ ሐሙስ፣ ገበያው ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ነው። ያልሰማ ሰው አልነበረም። ሙሀመድየሱፍ እየሳቀም እያለቀሰም ቅጹን ቀደደው፤ ነገ ዓርብ የሚባል ነገር ቀርቶ ከዚያው ከገበያው ሦስት ሽማግሌ ለቀመ።

ሽማግሌዎቹ ባሕር ዳር ሲደርሱ ወሬው ቀድሟቸው ኖሮ ኑርሑሴን ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

«ግቡ፣ ግቡ» አሉ፤ «ልጅቱ ሳትሞትብን እንጨርስ።»